ፊቱን ያዞረ ፈረስ

ሰው ስለ ገዛ መልኩ የሚያውቀው ሁሉ የተገለበጠ ነው። ይህን የምላችሁ ፈላስፋ ሆኜ አይደለም፤ ፀጉር ቆራጭ ሆኜ ነው። መስታወት ፊት አስቀምጬ አንገታችሁ ላይ ነጩን ጨርቅ ሳስርላችሁ፣ ያ ትክ ብሎ የሚያያችሁ ሰውዬ እናንተ ይመስላችኋል። አይደለም። የእሱ ጠባሳ በአንድ በኩል፣ ሚስታችሁ የምታየው ሰውዬ ጠባሳ ደግሞ በሌላ በኩል ነው። ዕድሜ ልካችሁን የምታውቁት ፊት ከእናንተ በቀር ማንም አይቶት የማያውቅ ፊት ነው። «እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» እያልን የምናማርረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ፎቶው ምን አጠፋ? ሌላው ሰው እንደሚያየን አየን እንጂ።

ፊት ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ ሰዎች ሥዕል ሲባል ፊት ካልታየበት የተሣለ አይመስለንም። ፎቶ አንሺ ፊት ስንቆም እንደ ወታደር ቀጥ ብለን፣ እጃችንን ከጭናችን አጣብቀን፣ እንደ ተከሳሽ ነው የምናፈጠው። ቤተ ክርስቲያን ግቡና ግድግዳውን ተመልከቱ። ጻድቃን ሁሉ ሁለት ዓይናቸውን ከፍተው ፊት ለፊት ያዩአችኋል። ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ የሚያየው ማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እንግዲህ ይህን ሥርዓት ጠጥቶ ላደገ ሰው ሥዕል መሥራት ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ የሚሣለው ፈረስ፣ መሣያው ጨርቅ፣ ተመልካቹ ደግሞ አባባ ደበላ ከሆኑ።

አባባ ደበላ የቤት አከራዬ ናቸው። ነበሩ ልበል። ሱቄ አቃቂ በሰቃ፣ የእሳቸው ግቢ አጥር ተፈልቅቆ የወጣች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከፊት ለፊት መንገዱ፣ ከኋላ በትንሿ መስኮት የሳቸው ግቢ ይታየኛል። አባታቸው እዚሁ አካባቢ ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ማሳው ፋብሪካ ሲሆን ልጅየው የፋብሪካ ሠራተኛ መሆን አልፈለጉም፤ ጋሪ ገዙ። በዚያ ጋሪ ያላመላለሱት ነገር የለም፤ ዱቄት፣ ሲሚንቶ፣ ሙሽራ፣ ሰካራም፣ ምጥ የያዛት ሴት። ፈረሶች ተፈራረቁ፤ የመጨረሻውና ከሁሉም ረጅም ዘመን የቆየው ዳማ የሚሉት ነበር። ስሙም መልኩም ዳማ፣ የግራ የኋላ እግሩ ብቻ ካልሲ ያጠለቀ ይመስል ነጭ።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ጋሪም ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥም ወደ ባሰ ውስጥ እየተገፋ ሄደ። ዳማም አረጀና ካቻምና ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ሳይነሳ ቀረ። አባባ ደበላ አላለቀሱም። ጋሪውን ግቢው መሃል ካለው ግራር ሥር አቁመው፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ወጥተው መቀመጥ ጀመሩ። ልጓሙን አይይዙም፣ አለንጋ አያነሱም፤ ዝም ብለው ወደ ፊት ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ ተሳቀቀ፤ ኋላ ለመደው። እኔም ምላጭ ስቀይር በመስኮቷ እያየኋቸው፣ «አባባ፣ ዛሬ ወዴት ነው?» እላቸዋለሁ። «ተራ እየጠበቅሁ ነው» ይሉኛል።

በዚህ መሃል ለልጃቸው ለታደሰ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት። ታደሰ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ሰርቪስ ነጂ ነው። የአባትየው ቤት ጭቃው ረግፎ ማገሩ ብቻ ቀርቷል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሚስቱ ስንዱ ባልዲ ይዛ ከጥግ ጥግ ትሯሯጣለች። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር፤ ግቢው ይሸጣል፣ አዛውንቱ ከልጃቸው ጋር ሦስተኛ ፎቅ ይገባሉ፣ ሁሉም ይደርቃል። አባባ ደበላ ግን አንድ ቃል ተናገሩ።

«ጋሪው ከወጣ እወጣለሁ።»

ጋሪ ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ታደሰ ለመነ፣ ሽማግሌ ላከ፣ ተቆጣ። በመጨረሻም «እኛ እንሄዳለን፣ እሳቸው ከጋሪያቸው ጋር ይቅሩ» አለ። ያለው በንዴት ነው፤ ነገር ግን በንዴት የተባለ ነገር ቀን ሲጨመርበት ውሳኔ ይሆናል። አባባ ደበላ ብቻቸውን በዚያ በሚያፈስ ቤት ክረምቱን እንደማይወጡት ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ በበኩሌ ገለልተኛ ነበርኩ ብል ውሸት ነው፤ ግቢው ከተሸጠ እኔም መስታወቴን ተሸክሜ ሌላ ቀዳዳ ፍለጋ መዞሬ ነው። ቢሆንም ሽማግሌው ሲያስሉ በግድግዳው እሰማለሁ።

አሁን ወደ ስንዱ እንምጣ። ስንዱ ቂሊንጦ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ሠርታ የወጣች፣ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ አንገት ብቻ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍታ አታውቅም፤ አንገት ብቻ። ከዚያ ስትወጣ በረንዳው ላይ አንድ የስፌት መኪና ተክላ፣ ከስልኳ እያየች እንስሳ ያለባቸው የአልጋ ልብሶች መሥራት ጀመረች። ዶሮ፣ ቀጭኔ፣ አንበሳ፣ ዝሆን፤ ለሕፃናት አልጋ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ፊቱ ወረቀት፣ ሌላ ፊቱ ስስ ሙጫ የሆነ ነገር አለ። እንስሳውን ወረቀቱ ላይ ትሥላለች፤ ሙጫውን በጨርቁ ጀርባ አድርጋ ካውያ ታሳርፍበታለች፤ ሥዕሉን ተከትላ በመቀስ ትቆርጠዋለች፤ ወረቀቱን ትልጠውና የተቆረጠውን ጨርቅ ሰፊው ጨርቅ ላይ አስቀምጣ እንደገና በካውያ ትጫነዋለች። ያ እንስሳ ከዚያ በኋላ የትም አይሄድም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ግን ወረቀቱ ይለቃል፣ የማይለቀው ሙጫው ነው።

ከዚያ በኋላ ዙሪያውን በመኪና አንዴ ትሰፋዋለች። ጠርዙን ግን አታጥፈውም፣ አትዘመዝመውም፤ እንደተቆረጠ ትተወዋለች። ቀን ሲቆይና ሲታጠብ ጠርዙ ይተረተርና ክሮቹ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ያኔ አንበሳው ጎፈር፣ ዶሮዋ ላባ ታወጣለች። ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ሰፈራችን ግን ይህን ውበት ለማየት ዓይኑ አልተከፈተለትም ነበር። በተለይ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ የደግነት ጎርፍ ናቸው፤ ጎርፍነቱ ይበልጣል እንጂ። መጀመሪያ ሥራውን ሲያዩ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛ ከድሪቶ ለመውጣት ዕድሜያችንን ፈጀን፤ አንቺ ደህናውን ጨርቅ እየቆራረጥሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?» አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ስንዱ ገበያ በሄደችበት፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ አንድ አንበሳ አገኙ። ክሩ በየቦታው ተንጠልጥሏል። ሳይጨረስ የቀረ ሥራ መሰላቸውና ልጅቱን ሊያግዙ መቀስ አንስተው ዙሪያውን ለቀሙት። ስንዱ ስትመለስ አንበሳው ከእኔ ሱቅ የወጣ መስሎ ጠበቃት። እኔን የጠረጠረኝ ሰውም ነበር።

እንግዲህ አማቷ ጋሪውን አልለቅም ሲሉ ስንዱ ያሰበችው ይህንኑ ሥራዋን ነበር። ሽማግሌው የፈለጉት እንጨቱንና ጎማውን ሳይሆን ዳማን ነው አለች። ዳማን በጨርቅ ሠርታ አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ ብትሰቅልላቸው፣ ፈረሳቸው ቀድሞ ገብቶ ሲጠብቃቸው ምን ሊሉ ነው? ታደሰ ሳቀ። «አባባ በጨርቅ የሚታለሉ ሕፃን መሰሉሽ?» አላት። እሷ ግን ቁርጥራጭ መምረጥ ጀምራ ነበር።

አንድ የዳማ ፎቶ በታደሰ ስልክ ውስጥ ተገኘ፤ የሆነ ሠርግ ላይ በጥለት ያጌጠ፣ ከጎኑ የተነሳ። ስንዱ አሳትማው በሙጫ ወረቀቷ ላይ መስመር በመስመር ቀዳችው። ገላውን ከታደሰ አሮጌ ቡኒ ኮት፣ ጋማውን ከጥቁር ጨርቅ፣ ያችን ነጭ እግሩን ከአንድ የትራስ ልብስ አወጣች። ሲያልቅ እውነት እላችኋለሁ፣ ፈረሱ ሊያሽካካ ምንም አልቀረውም። ከሱቄ ደንበኞች አንዱ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ግማሹን በሳሙና እንደተቀባ ወጥቶ አይቶታል።

ከምሳ በኋላ አባባ ደበላ ጋሪያቸው ላይ እንደተቀመጡ ስንዱ በሁለት እጇ ዘርግታ ፊታቸው ቆመች።

«ይዩት እስቲ አባባ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። ረጋ ብለው ነው ያዩት፣ ፈረስ እንደሚያውቅ ሰው። ከእግሩ ጀምረው እስከ ጆሮው ወጡ።

«ጥሩ ፈረስ ነው» አሉ። «የማን ነው?»

የስንዱ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ሽማግሌው ሊያስቀይሟት አልፈለጉም፤ እንዲያውም ሥራዋን አመሰገኑ፣ መረቋት፤ ከዚያ ወደ ፊት ማየታቸውን ቀጠሉ። እሷ ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ቤት ስትገባ ፊቷን አላሳየችንም።

አገራችን ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አይገኝም። እትዬ አስካለ ወዲያው አወቁ። «ፈረሱን አንድ ዓይና አድርጋው! ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚያይ ነገር ማን ቤት ይገባል?» ታደሰም አወቀ፤ አባቱ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ በቃ። እኔ ግን ሁለቱንም በንቀት ሰማኋቸው፤ ምክንያቱም እኔ በእርግጥ አውቄያለሁ። ዘመኔን ሙሉ ከመስታወት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨርቁን አንዴ እንዳየሁት ነጩ እግር በግራ ሳይሆን በቀኝ እንደሆነ ገባኝ። ስንዱ ፎቶውን በወረቀቱ ላይ ቀጥታ ሥላ፣ ወረቀቱን በጨርቁ ጀርባ አጣብቃለች፤ ጨርቁ ሲገለበጥ ፈረሱም አብሮ ተገለበጠ። ለዶሮና ለቀጭኔ ይህ ምንም አይደለም፤ ቀኝና ግራዋን የሚያውቅ የቀጭኔ ዘመድ መጥቶ አይከራከርም። ዳማ ግን ሰው የሚያውቀው ፈረስ ነው።

ሱቄ ውስጥ ጠርቼ መስታወት ፊት አቁሜ አስረዳኋት። ጨርቁን ዘርግታ በመስታወቱ ስታየው፣ ነጩ እግር ወደ ቦታው ተመለሰ። «አንተ!» አለችኝ፤ ደስታዋ ለእኔም ተረፈ። እውነቱን ለመናገር ለሁለት ሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄጃለሁ። ፀጉር ስቆርጥ ሁሉ የሊቅ እጅ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

የተጣበቀው ስለማይላቀቅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ኮቱ አለቀ፤ ሌላ ቡኒ ፍለጋ አቃቂ ገበያን አካለለች። ሥዕሉን አስቀድማ ገለበጠችው፤ ሁለተኛው ፈረስ በትክክለኛው ጎኑ ቆመ። ይሄኛውን ስታሳያቸው እኔም በመስኮቷ ብቻ ማየት አልበቃኝ ብሎ፣ መቀሴን እንደያዝኩ ግቢ ገባሁ፤ ምስጋናዬን በአካል ልቀበል።

አባባ ደበላ አዩ። ነጩን እግር ነካ አደረጉት።

«ግራው ነጭ ነው፤ እንደ ዳማ» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ግን የሰው ፈረስ ነው፣ ልጄ። መንገድ ላይ አልፎኝ የሚሄድ የሰው ፈረስ።»

እኔ ቀስ ብዬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ለደንበኛው የጀመርኩለትን ማጅራት ማስተካከል ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከፋ። ታደሰ ቀን ቆረጠ፤ ክረምት ሳይገባ እንወጣለን አለ። ጭራሽ አንድ ጠዋት በሰፈር የሚዞረውን ቁራሌውን ጠርቶ ጋሪውን አሳየው፤ ጋሪው ከሌለ አባቱ የሚሟገቱበት አይኖራቸውም ብሎ ነው። ቁራሌው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ዋጋ ሊናገር ሲል፣ አባባ ደበላ ከቤት ወጡ። አልተቆጡም። ጋሪው ላይ ወጡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ገና ጠዋት ነበር፣ ሰዓታቸውም አልነበረም። ቁራሌው ሽማግሌውን አየ፣ ታደሰን አየ፣ ጆንያውን አንግቶ ወጣ። ብዙ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው የማይሸጠውን ያውቃል። ታደሰ በሩን አላትሞ ወደ ሥራው ሄደ፤ አባባ ደበላ ግን እስኪመሽ አልወረዱም፤ ለምሳም ወደ ቤት አልገቡም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁላቸው።

ስንዱ ምሳውን ይዛ ወጣችላቸው። «ይብሉ አባባ፣ አብሬዎት እበላለሁ» ብላ ጋሪው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። ወደዚህ ግቢ ከገባች ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ የአማት ቦታ ነዋ! ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ እሳቸው ወደሚያዩበት አየች። ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ እሷ ናት። ከፊቷ ፈረሱ መሃላቸው የሚገባባቸው ሁለቱ እንጨቶች መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ በመሃላቸው ባዶ። ከባዶው ማዶ የግቢው በር፣ ከበሩ ማዶ መንገዱ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚያዩት?» አለቻቸው።

«ዳማን ነዋ» አሉ፤ የዋዛ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው። ከዚያም በጣታቸው አየሩ ላይ እያሳዩ ነገሯት። እዚህ ጋ ዳሌው፤ ዳገት ሲሆን የግራው ቀድሞ ይነሳል። እዚህ ጭራው፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ወደ አንድ ጎን ይጥለዋል። እዚያ ደግሞ ጆሮዎቹ። «ቀኙ መንገዱን ይሰማል። ግራው ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው። ተኝቼ እንኳን ቢሆን ወደ እኔ ነው።»

ስንዱ ጉርሻዋን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

አያበሉትም፣ አያጠጡትም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያበሉት ነበር። ግን ጠዋት ሳር ሲሰጡት ገና አልነጋም፤ ማታ ሲፈቱት መሽቷል። በመሃል ያለው ቀን ሁሉ፣ የዓመታት ቀን ሁሉ፣ እሳቸው ከኋላ፣ እሱ ከፊት ነበሩ። የዳማን ፊት የምናውቀው እኛ ነን፤ መንገደኞቹ። እኛ ስናልፍ የምናየው ፊቱንና ጎኑን ነው። የእሳቸው ፈረስ ሌላ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ፤ መንገድ ላይ ደንበኞቼን የምለየው በማጅራታቸው አይደል እንዴ?

ስንዱ ሦስተኛውን ጀመረች። ይህን ጊዜ ለማንም አላሳየችም፤ በረንዳውን በአሮጌ መጋረጃ ጋረደችው። መጋረጃ ለእትዬ አስካለ ግብዣ ነው። ገልጠው ገቡ፤ አዩ፤ ዝም አሉ። እትዬ አስካለ ዝም ካሉ ሰፈሩ ይሰጋል።

«ስንዱ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ… ይቅርታ አድርጊልኝና… መቀመጫው ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አማተቡ። ወሬውም ከእሳቸው ቀድሞ ከግቢ ወጣ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ የደበላ ምራት ለአማቷ የፈረስ ቂጥ ሰፍታላቸዋለች አለ። ታደሰ ከሥራ ሲመለስ ሰርቪሱ ውስጥ ሰምቶ መጣ። «ልታዋርጂኝ ነው? ሰው ቤት ሲገባ ይሄን ነው የሚያየው?» አላት። እሷም፣ «አንተ አውቶቡስህን የምታውቀው በመሪው በኩል ነው፤ እኔ ደግሞ በኋላው ቁጥሩ ነው የምለየው። የትኛው ነው ውሸቱ?» አለችው። ታደሰ ራቱን ጠየቀ።

ሥራውን ላስረዳችሁ። ሰፊ ግራጫ ጨርቅ መንገዱ ነው፤ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ከታች ሁለት ቀጫጭን የቆዳ መልክ ያላቸው ጥብጣቦች ከሁለቱ ጥግ ተነስተው ወደ ፈረሱ ይሄዳሉ፤ ልጓሙ ነው፤ ጫፉ የሚያልቀው የተመልካቹ እጅ ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ ነው። መሃል ላይ ያ ሰፊ ቡኒ ዳሌ፣ ግራው ከፍ ያለ። ነጭ እግር በግራ። ላይ ሁለት ጆሮ፤ ቀኙ ወደ ፊት የቆመ፣ ግራው ወደ ኋላ የዞረ። ጭራውን ጥቁር ጨርቅ በቀጫጭኑ ተልትላ ከላይ ብቻ ነው ያጣበቀችው፤ ከታች አልሰፋችውም። ይተረተራል፣ ይበተናል፣ ሰው ሲያልፍ ይወዛወዛል። ስንዱ መቀሶቹን ሁሉ ደብቃ ነበር፤ በእትዬ አስካለ ምክንያት።

ከምሳ በኋላ አባባ ደበላ ጋሪያቸው ላይ ወጡ። ስንዱ ጨርቁን ፊታቸው አልዘረጋችም፤ ሁለቱን እንጨቶች አቅንታ በመሃላቸው በገመድ ሰቀለችው። ዳማ ቦታው ላይ ቆመ። እኔ በመስኮቷ ነበርኩ፤ ይህን ጊዜ መግባት አላማረኝም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉና በጭራው ክሮች መሃል ጣታቸውን አስገቡ፤ የተጣበቁትን እየለያዩ፣ እየፈቱ፣ ወደ ታች እያወረዱ። የፈረስ ጭራ እንዲህ ነው የሚበጠረው፤ በጣት ነው። ደንበኛዬ «ምነው ቆምክ?» ቢለኝ መቀሴን ማንቀሳቀስ ረስቻለሁ።

ቀና ሲሉ ስንዱን አዩዋት።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አሉ።

እንግዲህ የቀረው ዕቃ ማውጣት ነው። ጋሪውን ታደሰ ለቁራሌው ሊሰጠው ሲል፣ አባባ ደበላ «ውሰደው፤ አሁን እንጨት ነው» አሉ። ግቢው ተሸጠ፤ እኔም መስታወቴን አቅፌ ሳሪስ ወረድኩ፤ ኪራዩ ከአቃቂው ይበልጣል፣ ደንበኛው ደግሞ ችኩል ነው። ስለ ገለልተኝነቴ የተከፈለኝ ይህ ነው።

አዲሱ ቤት ሲገባ ጠበል እንዲረጩ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ተጠርተው ነበር። የድሮ ጎረቤቶች ሁላችንም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለክን ወጣን። ሳሎኑ ጠባብ ነው። አንዱን ግድግዳ ከጣራው እስከ ወለሉ ዳማ ይዞታል፤ ፊት ለፊቱ የአባባ ደበላ ወንበር፣ ከጋሪው የተነቀለው ያው የድሮው። የልጓሙ ጫፎች ወንበሩ አጠገብ ደርሰው ይቆማሉ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ጸሎቱን አደረሱ፤ ጠበሉን በየጥጉ እየረጩ ዞሩ። ከግድግዳው ፊት ሲደርሱ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፣ ወደ እኛ ዞሩ። ታደሰ ጫማውን ማየት ጀመረ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ምነው ደበላ» አሉ አባ በስተመጨረሻ፣ ለሽማግሌው አዝነው፣ «ፈረሱስ ምን ቢያስቀይሙት ነው ፊቱን ያዞረብዎ?»

አባባ ደበላ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ፈገግ አሉ።

«አላዞረብኝም አባ። እየወሰደኝ ነው» አሉ። «ጆሮውን አያዩትም?»

አባ አዩ። ሁላችንም አየን። በተከፈተው የበረንዳ በር ንፋስ ገብቶ ጭራውን ወደ አንድ ጎን ጣል አደረገው። አባ ጣታቸውን ጠበሉ ውስጥ ነከሩና ለፈረሱም ረጩለት።

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ብቻ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ያን ጭራውን ብትዘመዝመው ምን ነበረበት?»